በከማል ሐረም አምስት ዓመት

ከጅዳ እስከ መካ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ለምትኖሩ፣ ለምታልፉና ሽንት ለሚይዛችሁ ሁሉ እንዲታወቅ ይሁን፦ የስድስት ሽንት ቤቶች የበላይ ጠባቂ፣ የአንድ መጥረጊያና የሁለት ባልዲ ባለሙሉ ሥልጣን አዛዥ፣ የከሚሴዋ አስያ ሰይድ እነሆ ስድስተኛ የሥራ ዘመኗን ጀምራለች። ሹመቷን ያጸደቀ ጉባኤ የለም። የሚሽራትም የለም፤ ማን በቦታዋ ሊገባ።

ግዛቷ የድንኳን መዝናኛ ነው። ብርዱ ሲገባ የጅዳና የመካ ቤተሰቦች ልጆቻቸውንና የከሰል ምድጃቸውን ጭነው በረሃ ላይ ሊያድሩ ይመጡበታል። በስልክ የሚለጠፈው ፎቶ ላይ ነጫጭ ድንኳን፣ አረንጓዴ ሣርና የሚስቅ ሕፃን አለ። ሣሩ ፕላስቲክ ነው፤ ሕፃኑ የት እንደገባ አይታወቅም። ድንኳኖቹ ጉልበቱ ላይ እንደተቀደደ አሮጌ ጀለቢያ ተንጠልጥለዋል። የቆሻሻው በርሜል ከሞላ ሰንብቷል፤ ትራፊ ሩዝና የበግ አጥንት ከሥሩ ተከምሮ ድመትና ዝንብ ይሻሙበታል። ከስድስቱ ሽንት ቤቶች አራቱ ተደፍነዋል። የቀሩት ሁለቱም ያው ናቸው፤ አፍ ስለሌላቸው ነው ተደፍነናል ያላሉት። ወለሉ ላይ የሚንሳፈፈውን አልዘረዝርም፤ አንባቢ ምሳውን በልቶ ይሆናል።

አስያ የምትኖረው ከሽንት ቤቶቹ ጀርባ፣ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳው የጋራ ነው፤ ቧንቧው ሲፈነዳ ሽንት ቤቱ እሷ ዘንድ ዘመድ ጥየቃ ይመጣል። ፍራሿን ብሎኬት ላይ የሰቀለችው ለዚሁ እንግዳ ነው።

የሥልጣኑ ቁንጮ ከማል ይባላል። እናቱ የደሴ፣ እሱ የጅዳ ልጅ። ወሬውን በአማርኛ ጀምሮ በዐረብኛ ይጨርሳል፤ ለውሸት ግን ሁለቱም ይቀናዋል። ሙዲር በሉኝ ይላል፤ ሥራ አስኪያጅ ማለት ነው። ሥራው የለም፤ አስኪያጁ ግን አለ። የቦታውን ባለቤት አስያ በዓይኗ አይታው አታውቅም። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ የሚኖረው ከማል መኪና ውስጥ ነው። ከእሷ ይልቅ አገር ያየው ኢቃማዋ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት አስያ የአንድ ቀን ፈቃድ ጠይቃ ነበር። ካዕባ በመኪና ከግማሽ ሰዓት አይርቅም፤ ኡምራዬን፣ ትንሿን ሐጅ፣ አድርጌ ልመለስ አለች። ከማል አዘነላት።

«ያ አስያ፣ የቆምሽበት እኮ ሐረም ነው። እዚህ የሰገድሽው አንዱ ሶላት በመቶ ሺህ ይታሰባል። ምን አስኬደሽ?»

ሐረም በመካ ዙሪያ የተከለለው ቅዱስ ምድር ነው፤ አውሬው አይታደንበትም፣ ዛፉ አይቆረጥበትም። አስያ ይህን ስትሰማ ከደስታዋ የተነሣ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም። ዓርብም ትጠርጋለች፣ ዒድም ትጠርጋለች። ርግቦች ክዳን በሌለው የውኃ ታንከር ላይ ጎጆ ሲሠሩ መረብ እናልብሰው ብትል፣ የሐረም ርግብ አይነካም ተባለች። ክዳን ከመግዛት ፈትዋ መስጠት ይቀላል። በዚያ ላባና ኩስ በሚንሳፈፍበት ውኃ ለሶላት ውዱእ ታደርጋለች፣ ሻይ ታፈላለች፤ ሆዷን ሲቆርጣት በረካ ነው ብላ ትታገሳለች። ስለ ብዝበዛ የተበተነ ወረቀት ሁሉ ሰንሰለት ይሥላል። በመስገጃ የታሰረ ሠራተኛ ግን እስከ ዛሬ የሣለ የለም።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የአስያ እናት እመት ሀጂራ ከወሎ ለኡምራ መጡ። የቡድኑ መሪ ልጃቸውን እንዲያዩ አውቶቡሱን ለግማሽ ሰዓት አቆመላቸው። አስያ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አብራ ተሳፍራ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናቷን ደግፋ ካዕባን መዞር። ከማል ሳምንቱን ሙሉ ኢንሻአላህ ሲላት ሰንብቷል።

እመት ሀጂራ እንደወረዱ እጃቸው ወደ አፍንጫቸው ተነሣ፤ ልጃቸውን እንዳያሳፍሩ ግን መለሱት። አስያ ግንባራቸውን ሳመችና፣

«እማ፣ እንኳን ለሐረም አበቃሽ» አለች።

«የምን ሐረም?»

አስያ መሬቱን አሳየቻቸው። ሙዲሩ የነገራትን፣ የመቶ ሺሁን ሶላት፣ የርግቦቹን ነገር ሁሉ አወራችላቸው። እመት ሀጂራ የአገራቸው ሼኽ መንገዱን ከነምልክቱ አስጠንተው የላኳቸው ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ የሐረሙን ድንበር ምልክት ገና አላለፍንም። ስናልፍ ንገረኝ ብዬ ሹፌሩን አስጠንቅቄ፣ ዱዓዬን በአፌ ይዤ ነው የተቀመጥኩት።» ዙሪያውን አዩ። «አምስት ዓመት ሙሉ ይህንን ነው ሐረም ያሉሽ?»

ከማል መኪናው ውስጥ ቀዝቃዛ አየሩን ከፍቶ ተቀምጦ ነበር፤ አስያ ሄዳ ኢቃማዬን ስጠኝ አለችው። ነገ አርባ እንግዳ እንደሚመጣ፣ የተደፈነውን የሚከፍት ሰው እንደሌለ ነገራት። የሐረሙን ነገር ስታነሣበት ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢጎድል ምንም እንዳልሆነ፣ ዋናው ኒያ፣ የልብ ሐሳብ፣ እንደሆነ አስተማራት። ኻላስ፣ አለቀ ብሎ ሊዘጋው ሲል እመት ሀጂራ በዚያ ጉልበታቸው እያነከሱ ደረሱ።

የእመት ሀጂራን ምላስ የከሚሴ ገበያ ያውቀዋል። በሬ ሻጭ ከሳቸው ጋር ተከራክሮ በሬውን ትቶ የሄደበት ቀን አለ። አሁን ግን ከንፈራቸው ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ሦስት ጊዜ አስተግፊሩላህ አሉ።

«ከማል ልጄ፣ የኡምራው ሕግ ይዞኝ ኢህራም ላይ ስለሆንኩ ክርክር አይፈቀድልኝም። ካዕባን ዞሬ ጠዋፌን ፈጽሜ፣ ከፀጉሬ ጫፍ ቆርጬ ከኢህራም ስወጣ ግን ተመልሼ እመጣለሁ። ያን ጊዜ ትሰማኛለህ።»

«አህለን ወሰህለን፣ ኻላ፤ በደስታ ይምጡ» አለና መስታወቱን ወደ ላይ አደረገው።

አስያ እናቷን በክንዳቸው ደግፋ እስከ አውቶቡሱ ሦስተኛ ደረጃ አወጣቻቸው። ከዚያ ወረደች። አውቶቡሱ ከዓይኗ ሲሰወር ወደ ሽንት ቤቶቹ አልሄደችም፤ መጥረጊያዋን ይዛ ታንከሩ ላይ ወጣችና ርግቦቹን በሙሉ አባረረች። ከውኃው ውስጥ ላባቸው የተገሸለጠ ሁለት የሞቱ ርግቦች አወጣች። አምጥታ ከማል መኪና የፊት መስታወት ላይ ጎን ለጎን አስተኛቻቸው። ከማል የመስታወቱን መጥረጊያ አንቀሳቅሶ ጣላቸውና ኢቃማዋን እንደያዘ ወደ ጅዳ ነዳ። ስልኩ እስከ ዛሬ ዝግ ነው።

እመት ሀጂራ ኡምራቸውን ጨርሰዋል። አሁን ማንኛውም ክርክር ተፈቅዶላቸዋል። ቡድኑ የሚመለሰው ግን በሌላ መንገድ ነው አሉ፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መካ ውስጥ መንሱር ገበያ ጫፍ ላይ ቆመው፣ ጅዳ የሚወርደውን ሹፌር ሁሉ የድንኳኑን ቦታ ይጠይቃሉ። ቦታው ታፔላ የለውም፤ ያመጣቸው ሹፌር ሌላ ቡድን ይዞ ሄዷል፣ ሌላ የሚያውቀው አልተገኘም።

እንግዲህ መኪና ያለህ አንባቢ፣ በዚያ ስታልፍ ብታያቸው አሳፍራቸው። አካባቢው ስትደርስ መስኮትህን ዝቅ አድርግ፤ አፍንጫህ ይመራሃል። ግን አደራ፣ በር ላይ አውርደሃቸው እንዳትመለስ። ሞተርህን አጥፋ፣ እሳቸው ተናግረው እስኪጨርሱ ጠብቅ፣ ከኋላ ወንበርህ ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ አንሣና ለአስያ ቦታ አዘጋጅላት።