አሥር ቀዳዳ፣ አንድ ረድፍ

ልጅ ሳለሁ፣ ጁባ ጉዴሌ ውስጥ በተከራየንበት ግቢ፣ ተረት የሚነገረው ጀንበር ከጠለቀች በኋላ የግቢው ባለቤት ጄኔሬተሩን እስኪያስነሳ ባለችው አጭር ጊዜ ነበር። ጄኔሬተሩ አንዴ ከጮኸ ሰው ከሰው አይደማመጥም፤ ተረቱ ከዚያ በፊት ማለቅ ነበረበት። ስለዚህ ያኔ እኛ ልጆች የምንጠላው ጨለማውን ሳይሆን መብራቱን ነበር።

ተረት የሚነግሩን ጎረቤታችን ጋሽ ቱት ነበሩ። ኑዌር ናቸው፤ በልጅነታቸው ከጦርነት ሸሽተው ጋምቤላ በስደተኞች መጠለያ አድገው፣ ጎልምሰው ወደ አገራቸው ከተመለሱት አንዱ። አማርኛቸው ከእናቴ አማርኛ አያንስም ነበር። ይሉኝታቸው ደግሞ ከእናቴም ይብስ ነበር፤ ይህን የምለው ላመሰግናቸው አይደለም።

ከደጃፋቸው በተሰባበረ ድስት ኩበት እያጨሱ ቢንቢ ያባርሩ ነበር። ጭሱ መሬት ለመሬት እየሄደ እግራችን ሥር ይተኛል፣ ፋኖሱ ከበሩ ጉበን ላይ ይንጠለጠላል፣ እሳቸው ሳላቸውን ጨርሰው ከሸሚዛቸው ኪስ ትንሿን አርሞኒካ ሲያወጡ ሁላችንም ጸጥ እንላለን። ከተረቶቻቸው ሁሉ እኔን የያዘኝ የጎርፉ ተረት ነበር። አንዲት እናት ውሃው ሲሞላ፣ ገና ስም ያላወጣችለትን ሕፃኗን ኩይሳ ላይ አስቀምጣ ላሟን ልታሻግር ትሄዳለች። ስትመለስ ኩይሳው የለም። ልትጣራ አፏን ትከፍታለች፤ ግን በማን ስም ትጥራው? እዚህ ላይ ጋሽ ቱት ንግግራቸውን ያቆማሉ። ጥሪው ቃል አልነበረውም። አርሞኒካዋን ከአፋቸው አስጠግተው፣ አየሩን ወደ ውስጥ እየሳቡ፣ ድምፁን ከላይ ወደ ታች ቀስ አድርገው ያጎብጡታል፤ ሰው ከማልቀሱ በፊት ድምፁ እንደሚሰበረው ያለ ነበር። መጀመሪያ የሰማነው ቀን፣ ማንም ሳያዘን፣ ሁላችንም በአንድ አፍ «አቤት» አልን። ከዚያ ወዲህም ሁልጊዜ «አቤት» እንላለን፤ እሳቸውም አርሞኒካዋን አውርደው «እንግዲያው አልጠፋችሁም» ይላሉ፤ ተረቱ እዚያ ላይ ያልቃል።

ይህን አየር እየሳቡ የመጫወት ዘዴ ያሳያቸው መጠለያው ውስጥ ያስተምር የነበረ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ብሉዝ ይባላል አሉኝ፣ የጥቁር አሜሪካውያን የሐዘን እንጉርጉሮ ነው። ያኔ ደረታቸው እየባሰባቸው ነበርና ጥሪው አንዳንድ ምሽት መሃል ላይ በሳል ይቋረጥ ጀመር። ሌሎቹ ልጆች ይስቃሉ፤ እኔ ግን ሴትየዋ ድምፅዋ ተዘግቶ ልጇን ልታጣው ነው እያልኩ አለቅስ ነበር። እሳቸው ዝም ካሉ ማን ሊጠራው ነው? ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ሲነሳኝ ሄጄ አስተምሩኝ አልኳቸው።

«በዚህች አይሆንም፣ ያ ቢኒያ» አሉኝ፤ በጁባ ዐረብኛ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው። «ደረቴ አይታመንም። የእኔ አፍ የነካውን አንቺ አትነኪውም። የራስሽ ይኑርሽ።»

ለጀማሪ የምትሆነው የትኛዋ እንደሆነች ነገሩኝ። «ትልቅና የሚያብረቀርቅ እንዳያታልልሽ። አሥር ቀዳዳ፣ አንድ ረድፍ፣ መዳፍሽ የሚሸፍናት። ዳሯ ላይ ‹ሲ› የሚለው የፈረንጅ ፊደል ይኑርባት። ውስጧ እንጨት ከሆነ ምራቅ ሲጠጣ ያብጣል፣ ፕላስቲክ ይሻላል። በብሎን የታሰረች ከሆነች ደግሞ ስትቆሽሽ ከፍተሽ ታጸጃታለሽ።» እኔም እንደ ጥቅስ ሸመደድኩት።

እናቴ ቶንፒንግ አካባቢ ባለ ሆቴል ልብስ ታጥብ ነበር። ጴንጤ ናት፤ ዘፈን ቤታችን አይገባም። ጋሽ ቱት ራሳቸው መጥተው «እህቴ፣ መዝሙርም ይጫወቱበታል» ሲሏት ነው ልቧ የራራው። ያሉት እውነት ነበር፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያው እውነት ነው። እናቴ መዝሙሯን ብቻ ሰማች። ወደ አዲስ አበባ ለምትሄድ የቤተ ክርስቲያን እህት «ለመዝሙር የሚሆን፣ ደህናውን» ብላ አዘዘች፤ እኔ የሸመደድኩት ሁሉ ድንበር ሳይሻገር ቀረ።

የመጣው ረጅም፣ ወርቃማ፣ ቀዳዳው በሁለት ረድፍ የተደረደረ አርሞኒካ ነበር። እናቴ ሳሙና ያቆሳሰለው እጇ ላይ አጋድማ፣ እንደ ስጦታ ለጋሽ ቱት አሳየቻቸው። ተቀብለው ገለባበጡት። እኔን አዩኝ። እሷን አዩዋት።

«ኩዌስ፣ ጥሩ ነው፣ በጣም ያምራል» አሉ።

«ይሆናታል፣ ጋሽ ቱት?»

«ይሆናታል እንጂ።»

አልሆነኝም። ያን ክረምት ሙሉ መዝሙር አስተማሩኝ፣ እናቴም ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ቆማ እየሰማች እንባዋ ይመጣ ነበር። ጥሪው ላይ ስደርስ ግን ድምፁ ወይ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ወይ ጭራሽ ይታፈናል። እስኪያዞረኝ ድረስ ስቤ ጥፋቱ የእኔ መሆን አለመሆኑን ስጠይቃቸው «ትንፋሽሽ ይጠነክራል፣ ታገሺ» ይሉኝ ነበር። አንድ ምሽት አርሞኒካዬን ወደ ፋኖሱ አስጠግተው ቀዳዳውን ሲያዩ ቆዩና «ያቺ ትንሿ ብትገኝ…» ብለው ጀመሩ። ወዲያው እናቴ ለሳላቸው የሠራችላቸውን ሾርባ ይዛ ብቅ አለች። «ካላስ፣ ተዪው» አሉኝ። ሾርባዋን እየጠጡ እንዴት ስጦታዋን ያናንቁባት?

በጋው ሲገባ ሞቱ። ዘመዶቻቸው ሕመሙን ፈርተው ትንሿን አርሞኒካ ከአልጋ ልብሳቸው ጋር አቃጠሏት፤ ልብሱ አመድ ከሆነ በኋላ እሷ ብቻ ፍሙ ውስጥ ቀልታ ስትታይ ትዝ ይለኛል።

አድጌ ከስልኬ ላይ ነው የተረዳሁት። በአሥር ቀዳዳዋ ሲነፋ የሚጮኸውና ሲሳብ የሚጮኸው ሁለቱ ስስ የነሐስ ምላሶች አንድ ክፍል ውስጥ ስለሚኖሩ፣ ሲሳብ አንዱ ሌላውን ይጎትተዋል፤ ድምፅ የሚጎብጠው በዚህ ነው። በእኔኛው ውስጥ እያንዳንዱ ምላስ ለብቻው ተዘግቶ ተቀምጧል፣ የሚጎትተው የለም። ክረምቱን ሙሉ የታገልኩት ከማይሆን ነገር ጋር ነበር፣ እሳቸውም ያውቁ ነበር። ሰው በይሉኝታ እናት ልጇን የምትጠራበትን ድምፅ ይቀብራል? ጋሽ ቱት ቀበሩት። ልቆጣቸው እሞክርና የእናቴ እጅ ትዝ ይለኛል። ወርቃማውን አርሞኒካ ዛሬም በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች፤ እኔም አልነገርኳትም።

ባለፈው ዓመት ትክክለኛዋን ከናይሮቢ አስመጣሁ። አሥር ቀዳዳ፣ አንድ ረድፍ፣ «ሲ»፣ ባለ ብሎን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ማጎበጡን ከቪዲዮ ለመድኩ፣ ዛሬ ይወጣልኛል። ጥሪው ግን የለም። ከየትኛው ቀዳዳ ይጀምር እንደነበር፣ የት ላይ ይሰበር እንደነበር ብፈልግ ብፈልግ አላገኘውም። ከዚያ ሁሉ ምሽት በጆሮዬ የቀረው የገዛ ራሴ «አቤት» ብቻ ነው።

ቢሆንም አንድ ቀን ሲመሽ ሴት ልጄን ደጃፍ ላይ አስቀምጬ ተረቱን ነገርኳት። ግቢያችን ዛሬ በሶላር ነው፣ የሚያቋርጠን ጄኔሬተር እንኳ አልነበረም። ኩይሳው ከጠፋበት ስደርስ አርሞኒካዋን አንስቼ ደረቴ እስኪያመኝ ሳብኩ። ልጄ አርሞኒካዋን አየች። ደግሜ ሳብኩ።

«እማዬ፣ ይሄ የትኛው መዝሙር ነው?» አለችኝ።

አርሞኒካዋን አወረድኩ። ከዚያ በኋላ የሚባለውን አውቀዋለሁ፣ አልረሳሁትም። ግን «አቤት» ያላለን ልጅ «እንግዲያው አልጠፋሽም» ማለት አይቻልም፤ እጇን ይዤ ወደ ቤት አስገባኋት።