አጎቴ የፈቱት የቤንዚን ቱቦ

ባለፈው ሳምንት የቀበርናቸው አጎቴ በጥልያን ጊዜ አሮጌ ካሚዮን ይነዱ ነበር። ያን ጊዜ እህቴ ይፋግ ላይ ምጥ ጠናባትና ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ልናደርሳት ጫንናት። አጎቴ የተሰነጠቀውን የቤንዚን ቱቦ በአዲስ ለውጠው፣ «ብረት እንዳይፈትገው በቁርበት ሸፍነው» አሉኝ። እኔ ግን እርጥብ ጠፍር ሞፈር እንደማስር አጥብቄ ጠመጠምሁበት።

ጠፍሩ በሞተሩ ሙቀት ደርቆ ተኮማተረና ቱቦውን አነቀው። ቤንዚን አላልፍ አለ፤ ጣና ዳር ቀጥ አልን። እህቴ ትጮኻለች!

አጎቴ የሞተሩን ክዳን ከፍተው አዩ።

«አንተ! ሸፍነው አልሁህ እንጂ እነቀው አልሁህ?»

ጠፍሩን በካራ በጠሱት። ከመቀመጫቸው ደረቅ ቁርበት ቀደው ላላ አድርገው ጠቀለሉበት።

«በል አዙር!»

የማስነሻውን ብረት አዞርሁ። ተነሣች! እየተንቀጠቀጠች በረረች! ሐኪም ቤት ደርሰን ብዙም ሳንቆይ እህቴ ወንድ ልጅ ተገላገለች። አጎቴ እንደ ሴት እልል ቢሉ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ጫማዬን ሳስር እንኳ «እነቀው አልሁህ?» ይሉኝ ነበር። ዛሬ አስሬ ቀና ብል የሚሰድበኝ የለም።

ቃሬዛቸውን ከፊት የተሸከመው ያ የእህቴ ልጅ ነው። ሽበት ጀምሮታል።