«ምን አውቄ»

ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ፤ ማስተማር ከተባለ። ዘመኑ ክፍል ውስጥ የተሰቀለ ፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚያስተምርበት ነበርና የእኔ ሥራ ማብራትና ማጥፋት ነው። ደግነቱ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፤ ሙያዬን ያልረሳሁት በእሱ ነው።

አዲስ አበባ አንድ የስታቲስቲክስ ፕሮፌሰር ነበሩ። የሚያጠኑት አንጎልን ነው። የአንጎል ሕዋሳት የሚላላኩትን ምልክት በኮምፒውተር እያሰሉ የቱ መልእክት፣ የቱ ዝም ብሎ ጫጫታ እንደሆነ ይለያሉ። ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን ይህንን ሲያስረዱ ሰምቼ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። እስከዚያ ድረስ ስታቲስቲክስ ለእኔ የገብስ ምርት አማካይ ማውጣት ነበር።

ከእሳቸው ጋር ለመሥራት ሁለተኛ ዲግሪ መግባት ነበረብኝ። የመግቢያ ፈተናውን ከተፈታኙ ሁሉ በልጬ አለፍኩ። የቀረው ቃለ መጠይቅ ብቻ ነው፤ ጠያቂውም ራሳቸው።

ገና አፌን ስከፍት ፈገግ አሉ።

«የመንዝ ልጅ ነሽ አይደል? እኔም የራቤል ነኝ።»

የአገሬ ሰው! ልቤ አረፈ።

«ፕሮባቢሊቲ ላይ እንዴት ነሽ?»

«ኧረ ምን አውቄ! ትንሽ ትንሽ ነው።»

«ፕሮግራም መጻፍስ?»

«እሱንማ የት አውቀዋለሁ ብለው!»

ክረምቱን ሙሉ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ስጽፍ የከረምኩት እኔው ነኝ። ግን በእኛ አገር ሰው በትልቅ ሰው ፊት «አዎ፣ አውቃለሁ» አይልም። እንግዳ ብላ ሲባል መጀመሪያ «ጠግቤያለሁ» ይላል፤ ባለቤቱ «በሞቴ» ሲለው ነው የሚቀርበው። እኔም ጎንበስ ብዬ «በሞቴ» የሚሉኝን ጠበቅኩ። እሳቸው ግን አንድ ነገር ጻፉና «በቃ፣ አመሰግናለሁ» አሉኝ።

አልተቀበሉኝም። ምክንያቱ፦ «በቂ ዕውቀት እንደሌላት ራሷ ገልጻለች።» ቦታው በፈተናው ለበለጥኩት፣ «አውቃለሁ» ለማለት አፉ ለማይሰንፍ ልጅ ተሰጠ።

ፈረንጅ ቢሆኑ ባልከፋኝ፤ ወጋችንን ከየት ያውቁታል እል ነበር። የራቤል ሰው! «ጠግቤያለሁ» እያሉ ያደጉ ሰው! የአንጎልን ሹክሹክታ ከጫጫታ የሚለዩ ሊቅ የእናታቸውን አገር «ምን አውቄ» መስማት አቃታቸው? ወይስ ሰምተው ነው እንዳልሰማ የሆኑት? ይህን ሳስብ ይብስብኛል።

እዚያው መንዝ፣ ዘመሮ፣ ቤተሰቦቼ ዘንድ ስሄድ አባቴ በግ አሳርደው፣ ጎረቤት ሰብስበው ጠበቁኝ። ወሬዬን ሳልጀምር እሳቸው ቀደሙኝ።

«ሰውዬው ታውቂያለሽ ወይ ሲሉሽ ምን አልሽ?»

«ምን አውቄ አልኩ፣ አባባ።»

ፊታቸው በራ። ወደ ጎረቤቶቹ ዞረው «ሰማችሁ? የጨዋ ልጅ እንዲህ ነው! አላሳፈረችኝም» አሉ። ከዚያ እጄን ይዘው ጠየቁኝ።

«እና ትምህርቱ መቼ ይጀመራል?»