በፍላሽ የመጣ ፈረስ

አባቴ ከፈረስ ወድቆ ታፋው የተሰበረው በጥር ነው። የጊዮርጊስ ዕለት ከበዓሉ ፈረሰኞች ጋር ሲጋልብ ውሎ አንዳች ነገር ሳይነካው፣ ወደ ቤት በእርምጃ ሲመለስ ሰፈራችን መግቢያ ላይ ያለች አንዲት ቦይ አጠገብ ፈረሱ አዳለጠውና ጣለው። በኋላ ስለዚህ ነገር ሲጠየቅ፣ "በግልቢያ ቢሆን እኮ ወግ ነበረው" ይል ነበር። ከስብራቱ ይልቅ አወዳደቁ ነው የቆጨው።

ባሕር ዳር ወስደነው ታፋው ውስጥ ብረት ገባለት። ሐኪሙም ከእንግዲህ ፈረስ ላይ እንዳይወጣ ነገረው። እሱ እዚያ ተኝቶ ሳለ እናቴና አጎቴ ተመካክረው ፈረሱን ሸጡት። ክፋት አልነበረበትም። አባቴ አስተማሪ ቢሆንም ገጠር ተወልዶ፣ ፈረስ ላይ ያደገ ሰው ነው፤ ያን ፈረስ በአገውኛ ያናግረው ነበር፣ ፈረሱም ከሱ በቀር ማንንም አያስጠጋም። እኔ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። አንድ ጊዜ ውኃ ላጠጣው ብዬ ትከሻዬን ነክሶኛል።

ክፋቱ የመጣው ከሽያጩ በኋላ ነው። አባቴ ወደ እንጅባራ ሲመለስ ገና ከመኪናው ሳይወርድ "ፈረሱስ?" አለ። ሁላችንም ባንድ አፍ "ገጠር ነው፤ ሣር ወዳለበት ልከነው" አልን። እኛ አገር ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። ሲድን ይነገረዋል ይባላል፤ ሲድን ደግሞ ደስታውን ማን ያበላሻል ይባላል። እንዲህ እያልን የተሸጠውን ፈረስ ሁለት ወር ሙሉ ሣር አጋጥነው። እናቴ "ወፍሯል አሉ" ትላለች፤ እኔም ከሥር ተቀብዬ "ጠጉሩ አምሮበታል" እላለሁ። አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማናል፣ ፈገግ ይላል።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ሊጠይቁት መጡ። ምንም ሳያውቁ፣ በቅን ልቦና፣ "ፈረስዎን ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ ላይ ጋሪ ሲጎትት አየሁት፤ እንዴት ያለ ብርቱ ሆኗል!" አሉት። እናቴ ብድግ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። አባቴ ሰውየውን አመስግኖ ሸኛቸው። ከዚያ ሦስት ቀን ዝም አለ። ሲጠሩት ይመልሳል፣ ሲያቀርቡለት ይበላል፣ ግን ወሬ የለም። በአራተኛው ቀን ምሳ ላይ፣ "መሸጡስ ይሁን፤ እኔ ግን እዚህ ተኝቼ የሚበላውን ሣር ሳስብ ከረምኩ" አለን። ያን ንግግር ባስታወስኩት ቁጥር እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል።

የአክስቴ ልጅ ዳንግላ ውስጥ ጌም ቤት አለው። ከፋሲካ በኋላ አባቴን ሊጠይቅ ሲመጣ አንድ ፕሌይስቴሽን ከነጆይስቲኩ በፌስታል ይዞ መጣ። "ጋሼ፣ ተማሪው ፈተና ላይ ስለሆነ ቤቱ ጭር ብሏል። ትምህርት እስኪዘጋ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ፤ ይጫወቱበት" አለው። አባቴ የሰውን ስጦታ የሚመልስ ሰው ስላልሆነ ተቀበለ፤ ግን ዓይኑ ውስጥ የነበረውን ላየ፣ የአክስቴ ልጅ ቅል ወይም እንጨት ቢያመጣለት ልዩነት አልነበረውም።

ኳስ ጨዋታውን አልወደደውም። ዲስኮቹ መሐል ግን አንድ የእርሻ ጌም ነበረ። ባርኔጣ ያደረገ አንድ ሰውዬ ከአያቱ የወረሰውን መሬት ያርሳል፣ ይዘራል፣ ላም ያልባል፣ ዶሮ ያረባል። እንግሊዝኛውን እኔ እያነበብኩ እተረጉምለታለሁ፤ እሱ ጆይስቲኩን እንደ ጠመኔ በሁለት ጣቱ ይዞ ይሞክራል። በመጀመሪያው ሳምንት ሰውየውን ከአጥር ጋር ሲያላጋው ነው የከረመ። በሁለተኛው ሳምንት እኔን "አንች ዝም በይ፣ ገብቶኛል" ማለት ጀመረ።

በዚያ ጌም ውስጥ አንድ ሽማግሌ መጥቶ ውርንጭላ ይሰጣል። ቡናማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። በየቀኑ ካበሉት፣ ከቦረሹት፣ ካናገሩት ያድጋል፤ ሰውንም ይለምዳል፤ ሲያፏጩለት ከየትም ሮጦ ይመጣል። አባቴ ውርንጭላውን ያየ ቀን ትራሱን አስተካክሎ ቀና ብሎ ተቀመጠ። እናቴ ከበሩ ላይ ሆና እኔን አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ከጥር ወዲህ እንደዚያ ቀና ብሎ አልተቀመጠም ነበር።

ታዲያ አባቴ ጌም ሲጫወት እንኳ አባቴ ነው። በማርያም አያርስም። በሚካኤል አያርስም። በባለወልድ፣ በመድኃኔዓለም፣ በእሑድ አያርስም። ቴሌቪዥኑን ይከፍታል፣ ከብቶቹን ያበላል፣ ፈረሱን ይቦርሻል፣ ሴቭ አድርጎ ይዘጋል። "አባየ፣ ጌም እኮ ነው!" ስለው፣ "እጁ የኔ አይደለም እንዴ?" ይለኛል። የሰኔ ጾም ሲገባ ደግሞ ባርኔጣ ያደረገውን ሰውዬ ወተት ከለከለው።

እኔ ትዕግሥት የለኝም፤ ሲፈጥረኝ አልሰጠኝም። የተዘራው ካሮት እየጠበቀ፣ ውኃ ማጠጣት ብቻ ሲቀር፣ ጊዮርጊስ ነው ተብሎ ሲዘጋ ጥፍሬን እበላ ነበር። ስለዚህ በዓል በሆነ ቀን፣ እሱ በክራንች ቀስ እያለ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ እርሻውን ከፍቼ እቀጥላለሁ። የሱን ግን አልነካም። ሜሞሪ ካርዱ ላይ ሁለት ማስቀመጫ ነበረ፤ አንደኛው ላይ የሱ፣ ሁለተኛው ላይ ከሱ ቀድቼ ያስፋፋሁት የኔ። የኔ እርሻ አንድ ወር ሳይሞላው የሱን እጥፍ ሆነ። ትልቅ በረት ለመሥራት ገንዘብ ሲያንሰኝ ምን እንዳደረግሁ ልናገር፤ ፈረሱን ሸጥሁት። ፈረሱ አያርስ፣ አይታለብ፣ በከንቱ ይበላል ብዬ አሰብኩ። አንድ ቁልፍ ተጫንኩ፣ አለቀ። በቤታችን ያ ሁሉ ከሆነ በኋላ እኔው ያን ማድረጌ ያኔ ትንሽም አልከነከነኝም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የአክስቴ ልጅ ደወለ። ትምህርት ሊዘጋ ነው፣ ማሽኑም ካርዱም ለሥራ ይፈለጋሉ። አባቴ ሰማና "ይመለስለት እንጂ፣ የሰው ዕቃ ነው" አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ "ፈረሱስ?" አለኝ።

ያንን ጥያቄ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ሰምቼው ነበር።

የአክስቴ ልጅ መላ አላጣም። እናቴ ከመሥሪያ ቤቷ በጨረታ የገዛቻት አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ነበረችን። "ጌሙ በኮምፒውተርም እንዲሠራ የሚያደርግ ፕሮግራም አለ፤ ካርዱ ላይ የተቀመጠውን እርሻ በፍላሽ ገልብጬ እሰጥሻለሁ፤ ጋሼ ካቆሙበት ይቀጥላሉ" አለኝ። አባቴ ይህን ስነግረው፣ "ፈረሱ በፍላሽ ይመጣል?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቀጥሎ ሦስት ጊዜ "እርግጠኛ ነሽ?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ሦስቴም እርግጠኛ ነኝ አልኩት።

ማሽኑን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፌው ዳንግላ ወረድኩ። የአክስቴ ልጅ ማሽኑን ሰካ፣ ፍላሼን ሰካ፣ የፋይሎቹን ዝርዝር አወጣ። ሁለት ፎልደር ታየ። ስማቸው የሚመሳሰል የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር፤ ቀናቸውም አንድ፣ ምክንያቱም የማሽኑ ሰዓት ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። "ሁለት ነው። ሁለቱንም ልገልብጠው?" አለኝ።

"ሁለቱንም" ብለው ነገሩ አልቆ ነበር። ግን አባቴ ሁለተኛውን ከፍቶ በማርያም ያረስኩትን፣ በሚካኤል ያጨድኩትን እርሻ ሲያይ ታየኝ። "አይ፣ አንዱ ይበቃል። የላይኛው ነው" አልኩት። አባቴ ነው ቀድሞ የጀመረው፣ ስለዚህ የሱ ከላይ ነው ብዬ ነበር። ማሽኑ ለካ የኋለኛውን ነው ከላይ የሚደረድረው። ገለበጠልኝ፣ የጌሙንና የፕሮግራሙን ኮፒ ጨመረልኝ፣ ለደንበኞቹ ቦታ እንዲኖረው ካርዱ ላይ የነበረውን ሁሉ አጠፋ። እኔም ጉዳዬ ተሳካ ብዬ እየዘፈንኩ ተመለስኩ።

ማታውን መብራት ስላልነበረ ኮምፒውተሩን የከፈትነው በማግሥቱ ጠዋት ነው፤ ከፈትነው ስል ከፈትኩት ማለቴ ነው፤ አባቴ ለእግሩ ቀጠሮ ጤና ጣቢያ ሄዶ ነበር። ፕሮግራሙን ጫንኩ፣ ፋይሉን አስገባሁ። ኮምፒውተሯ አቅም ስለሌላት ሙዚቃው እየተጎተተ ወጣ። ከዚያ እርሻው ታየ። ከመሐሉ ትልቁ በረት ቆሟል፤ የኔው እርሻ ነው። ጋጣው ጋ ሄድኩ። ማንም የለም።

ወደ ዳንግላ ደወልኩ። የአክስቴ ልጅ ካርዱ ላይ ከትናንት ጀምሮ ሌሎች ልጆች እየተጫወቱበት እንደሆነ ነገረኝ። ማልቀስ ስጀምር፣ "አንች ደግሞ! በጌሙ ገበያ ፈረስ ይሸጥ የለ? ግዥለት። ሁሉም አንድ መልክ ነው፣ ጋሼ አይለዩትም። ለምን ታሳዝኛቸዋለሽ?" አለኝ። ምክሩ ከልቡ ነበር። ያኔ እኔም እናቴም አጎቴም ያልነው ይኸንኑ ነው።

ገዛሁት። ቡናማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ። ጋጣው ውስጥ አስገባሁት። እውነትም አይለይም ነበር።

አባቴ ዝናብ ሳይዘው ገባ። ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የኪቦርዱን ቁልፎች አሳየሁት። ሰውየውን እየመራ፣ በትልቁ በረት በኩል አልፎ ("ይኼ ደግሞ መቼ ተሠራ?" አለ)፣ በቀጥታ ጋጣው ጋ ሄደ። ፈረሱ ቆሟል።

"አለህ?" አለው አባቴ። ከዚያ በአገውኛ አንድ ነገር ጨመረለት። እኔ አገውኛ የምሰማው በጥቂቱ ነው። ያንን ግን ሰማሁት። ሣሩ ተስማማህ ወይ ነበር ያለው።

"አባየ፣ ይኼ ያንተ ፈረስ አይደለም" አልኩት።

ከዚያ አላቆምኩም። በበዓል ማረሴን፣ ፈረሱን መሸጤን፣ ገመናዬ እንዳይታይ ብዬ አንዱን ብቻ ማስገልበጤን፣ ትክክለኛው መጥፋቱን፣ ይኼኛው ከገበያ የተገዛ መሆኑን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አፍንጫዬን በእጄ እየጠረግሁ ነበር የምናገረው። አባቴ እጁን ከኪቦርዱ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ዓይኑን ከፈረሱ ላይ አላነሳም።

"መቼ ነው ያወቅሽው?" አለኝ።

"ዛሬ ጠዋት።"

"ዛሬ?"

"ዛሬ።"

ራሱን ነቀነቀ። እንደዚያኛው ጊዜ ሦስት ቀን ዝም ሊለኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

"ይኼን እንኳ በዕለቱ ነገርሽኝ" አለ።

ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ፤ የድሮው ፈረስ የነከሰኝን ትከሻ። "በማርያም ማረስሽን ግን ለንስሐ አባታችን ትነግሪያለሽ፤ እሱን እኔ አልችለውም" አለኝ። እያለቀስኩ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ፣ ካፖርቱን አወለቀ፣ ወንበሩን አስጠጋ።

"እንግዲህ ይኼ አያውቀኝማ" አለና ብሩሹ የቱ ቁልፍ እንደሆነ ጠየቀኝ። አሳየሁት። ኮምፒውተሯ ስለምታዘግም ፈረሱ አንገቱን ወደ እሱ ለማዞር ብዙ ቆየ። አባቴም ቁጭ ብሎ ጠበቀው።