የባቡሩ ዘንግና የማቴዎስ ቦርሳ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ልጄ ሳሎን ቁጭ ብላ ጥፍሯን ቀይ ቀለም ስትቀባ ሽታው ሰነፈጠኝና "መስኮቱን ክፈቺው!" ብዬ ጮህኩባት። ደነገጠች። ሽታውን ጠልቼው አልነበረም። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ፤ እዚሁ ሆሳዕና ልጆች አሳድጌ ጸጉሬም ሸብቷል። ያ ሽታ ግን ዛሬም ያሳፍረኛል።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የከባድ መኪና ሾፌር የነበረው አጎቴ ከጅቡቲ ሲመለስ አንድ ካርቶን አመጣልኝ። ክዳኑ ላይ ጭሱን የሚተፋ የጥንት የእንፋሎት ባቡር ተስሏል። ስከፍተው ግን ባቡር የለም፤ ጥርስ የሚያካክሉ የፕላስቲክ ቁርጥራጮች ብቻ ናቸው። ለካ ገጣጥሞና ቀለም ቀብቶ ባቡር የሚያደርገው ባለቤቱ ራሱ ኖሯል። እኔ ከተፈጥሮዬ ጠርጣራ ስለሆንኩ መጀመሪያ ያሰብኩት "አጎቴን የተሰባበረ ዕቃ ሸጠውለት ይሆን?" ብዬ ነበር።

ነገሩን ያስያዘኝ ማቴዎስ ነው። ከዱራሜ መጥቶ በግቢያችን የኋላውን ክፍል ተከራይቶ የሚማር የክፍሌ ልጅ ነበር። እሱ ከቤቱ ከምባትኛ፣ እኔ ሀዲይኛ፣ በመካከላችን አማርኛ። የመመሪያውን ሥዕል አንድ ጊዜ አይቶ የቱ ከየቱ እንደሚገጥም ያውቃል። እኔ ሙጫ እቀባለሁ፣ እሱ ትንፋሹን ውጦ ያጣብቃል። ቆሎ እየቆረጠምን የስንቱን ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት እንዲህ አሳለፍነው።

ጥቁሩን ቀለም ጋራዥ ሄደን ለምነን አገኘን። ጎማዎቹ ግን ቀይ መሆን ነበረባቸው፤ ቀይ ከየት ይምጣ? የእህቴን የዘይነባን የጥፍር ቀለም ሰረቅናት። ያን ጊዜ ይሄ ስርቆት ነው ብዬ አልቆጠርኩትም።

ጥቅምት ነበር። የክረምቱ ጭቃ ደርቆ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ይነሳል። ስለዚህ የቀባነውን ከኋላ በረንዳ ላይ፣ በእንሰት ቅጠል ላይ እያሰጣን እናደርቅ ነበር። አንድ ዓርብ የቀሩትን ሁለት ዘንጎች በዚያው የጥፍር ቀለም ቀባን። ከባቡሩ ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚያያይዙት እነሱ ናቸው፤ ሲገጠሙ ሥራው ያልቃል።

ቅዳሜ ማለዳ ማቴዎስ ቤተሰቡን ሊጠይቅ ዱራሜ ሄደ። እኔ አርፍጄ ስነሳ አንዱ ዘንግ በረንዳው ሥር ወድቋል፤ ሌላው የለም። ቅጠሉም አልነበረም፤ ግን እኛ ቤት የእንሰት ቅጠል ሲነሳና ሲጣል ስለሚውል ልብ አላልኩትም። ነፋስ ቢሆን ሁለቱንም ይወስድ ነበር። ሌባም ቢሆን እንዲሁ። አንዱን ብቻ የሚወስድ፣ ራሱ በሌለበት ባቡሩ እንዳያልቅ የሚፈልግ ሰው ነው፤ ያ ደግሞ ማቴዎስ ነው። ይህን ሳስብ በራሴ ብልጠት ኮራሁ።

ቤቱን ገለባበጥኩት። ያልደረስኩበት ጓሮ ብቻ ነው። የዚያን ቀን እናቴና የጎረቤት ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ነበር፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ ዝር አይልም፣ ነውር ነው። ሳቃቸው እስከ በረንዳው ይሰማ ነበር።

እሁድ አመሻሽ ላይ ማቴዎስን የግቢው በር ላይ ጠበቅኩት።

"ዘንጉ የታለ?"

"የትኛው ዘንግ?"

"አንተ ታውቀዋለህ። ቦርሳህን ክፈት።"

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ግን ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ ዚፑን ከፈተና "ፈትሽ" አለኝ።

ፈተሽኩ። ሸሚዙን አራገፍኩ፣ ደብተሩን ገለጥኩ፣ እናቱ የላከችለትን ቆጮና ቅቤ ፈታሁ። ቅቤውን ሳይቀር በጣቴ ወጋሁት። ምንም የለም።

"ዱራሜ ትተኸው መጥተሃል ማለት ነው" አልኩት።

ቅቤውን መልሶ ሸፈነና ወደ ክፍሉ ገባ። በሳምንቱ ግቢውን ለቆ ሄደ።

ወራት አለፉ። ለአረፋ እናቴ ጉድጓድ ውስጥ የከረመውን ቆጮ ስታወጣ አንድ ነገር በመዳፏ ይዛ መጣች።

"ሸምሱ፣ ይሄ ያንተ ኮተት አይደል? ሊጡ መሃል አገኘሁት። ጥርሳችንን ሊሰብረው ነበር እኮ!"

ዘንጉ ነበር። ያን ቅዳሜ ዘይነባ ጉድጓዱን የሚያለብሱበት ቅጠል ስትሰበስብ የበረንዳውንም አፍሳ ወስዳለች፤ ቀለሙ ሲደርቅ አንዱ ዘንግ ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ኖሮ አብሮ ሄዷል። በዚያው ቀን ማቴዎስ አዲስ የተከራየበት ቤት ሄጄ ዘንጉን አሳየሁት፣ የሆነውን ነገርኩት፣ እየተንተባተብኩም ይቅርታ ጠየቅኩት።

"በቃ፣ እርሳው" አለኝ ፈገግ ብሎ። "ና፣ እንግጠመው።"

እንዲህ ቶሎ ይቅር ማለቱ አጠራጠረኝ።

ማቴዎስ ዛሬ ዱራሜ መምህር ነው። ለጉዳይ ሆሳዕና ሲመጣ እኛ ቤት ያድራል፤ ልጆቼ ጋሼ ይሉታል። ሊሄድ ሲል ግን ሁሌም በሩ ላይ ይቆምና ቦርሳውን ከፍቶ "ሸምሱ፣ ፈትሽ" ይለኛል። ባለቤቴ ትስቃለች፣ ልጆቹ ይስቃሉ፣ እሱም ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ እየሳቅኩ ዓይኑን አያለሁ። ቀልድ ይሁን ቂም ይኸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ልለየው አልቻልኩም። ብጠይቀው እውነቱን እንደሚነግረኝ አውቃለሁ። የማላምነው እኔ ነኝ።