የከርሞ ቤት

ልጅ ሳለሁ፣ በአንዲት የወደብ ከተማ፣ አርሂባ የሚባል ሰፈር ውስጥ በምንኖርባት አንድ ክፍል ቤት ደጃፍ ላይ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አባቴ ተረት ይነግረን ነበር። ያኔ በሙቀቱ ወራት መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ፋኖስ እናበራለን፤ እናቴ ለጎረቤት የምትሸጠውን ሳምቡሳ ስትጠብስ የከሰሉ ፍም ፊቷን ያቀላዋል፣ የዘይቱ ጭስም ከወደቡ በሚመጣው ጨዋማ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

አባቴ ቡላኦስ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ተረት ያውቃል፤ ደጋግሞ የሚነግረን ግን የግመል ነጂውን ነው። ሰውየው በአቁማዳ ሙሉ ውሃ ይዞ በረሃ ያቋርጣል፤ ጥም ሲያቃጥለው «ለልጆቼ ነው» እያለ ጠብታ ሳይቀምስ አገሩ ይገባል፣ ልጆቹም ጠጥተው ያድጋሉ።

እኛም ያኔ አገራችን ድሬዳዋ ቤት እየሠራን ነበር። ለዚያ ቤት ሲባል ሥጋ የምንበላው ለኢድ ነው፣ ልብሳችን የአምናው ነው፣ የጠየቅነው ሁሉ «ለከርሞ» ነው። ለከርሞ ተላልፎ የማያውቀው የአባቴ የከሰዓት ጫት ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከድሬዳዋ አያቴ መታመሟ ተሰማ። ማምሻውን እናቴ መጥበሻው ላይ እንዳጎነበሰች፣ «የሐናን አባት» አለችው፣ እንደ ልማዷ በእኔ ስም ጠርታ። «እናቴ ታማለች። ደርሼ ልምጣ።»

«ጣሪያው ይውጣና ሁላችንም እንሄዳለን። ትንሽ ታገሺ» አላት፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ የግመል ነጂውን ጀመረ።

እናቴ ቀና አለች። «እሱስ ምን ጠጣ?»

«ማን?»

«ግመል ነጂው።»

አባቴ ሳቀ። «ተረት እኮ ነው፣ ፋጡማ።»

ታናሽ ወንድሜ አብሮት ሳቀ። እኔ የእናቴን ፊት እያየሁ ስለነበር መሳቅ አቃተኝ።

አያቴ ጣሪያው ሳይወጣ ሞተች። ለጥየቃ የጠፋው የመሳፈሪያ ገንዘብ ለለቅሶ በአንድ ጀምበር ተገኘ። ያኔ ልጅ ብሆንም ይህን ሳስብ ጥርሴን ነከስኩ፤ እስካሁንም አልለቀቅሁትም።

ቤቱ አለቀ። ተከራይ ይኖርበታል። አባቴ አንድ ሌሊት እንኳ ሳያድርበት ሞተ፤ አልቅሼለታለሁ፣ ንዴቴ ግን አልበረደም። መቆጠብን ጠልቼ አይደለም። እኔም ሱቅ አለኝ፣ ለልጆቼ ትምህርት ከአፌ ነጥቄ አስቀምጣለሁ፤ ግን ከራሴ አፍ ነው። የሚያንገበግበኝ፣ አንዱ ተጠምቶ ሌላው ታጋሽ መባሉ ነው።

ባለፈው አርብ ሱቄን በጊዜ ዘግቼ እናቴን በታክሲ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወሰድኳት። ጫማዋን አውልቃ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ውሃው እግሯን ነካ ሲያደርጋት ፈገግ አለች። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ።

«እንሂድ፣ ሥራ ፈታን» አለችኝ።

«ምን ሥራ አለሽ፣ እማዬ?»

ዙሪያዋን አየች። ከዚያ ጫማዋን አጠለቀች።

አባቴ ትዕግሥት ያስተማራት መስሎት ነው የሞተው። ከእነዚያ ምሽቶች ለእኔ የቀረልኝ ግን ይህች ሴት ናት፦ ማንም ሳይከለክላት መቀመጥ የማትችል።