ሌላ ነፍስ አይሳፈርም

በጃንሆይ ዘመን ከሰበታ እስከ ቡራዩ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ እኔን የሚያህል ማመልከቻ ጸሐፊ አልነበረም። ራሴ ብናገረው ነውር የለውም፤ ምስክሮቼ አብዛኞቹ ሞተዋል። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ጠጅ ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው። ዳኞች ጽሑፌን ሲያዩ «ማን አስተማረው?» ይሉ ነበር። ማንም።

ስለ መሬትና ስለ ፍቺ ስጽፍ ኖሬ፣ አንድ ቀን ጎረቤቴ የመናዊው ባለሱቅ ስለ ጀልባ መጣ። ምጽዋ ይኖር የነበረ አጎቱ ሞቶ አንዲት ባለሸራ ጀልባ አውርሶታል። እናቱ ደግሞ ከባሕሩ ማዶ፣ መርከብ በማይቆምበት መንደር ብቻቸውን ቀርተዋል። አገራቸው ጦርነት ላይ ነው።

«በገዛ ጀልባዬ ሄጄ አመጣታለሁ» አለኝ። «የግል ጀልባ ግን ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም አሉ። እሷን ሰበታ፣ እቤቴ ሳላስቀምጥ እንቅልፍ የለኝም። ጻፍልኝ።»

አዲስ አበባ ገብቼ ደንቡን ጠየቅሁ። ፈቃዱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሹም በጣቱ እየቆጠረ ነገረኝ፦ የባለቤትነት ወረቀት፣ የሚሄዱት ሰዎች ስም፣ የሚደርሱበት ወደብ፣ የሚመለሱበት ቀን፣ ጀልባዋ ውጭ አገር እንዳትሸጥ ደግሞ ዋስ። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

ዋስ የሆኑት የባለሱቁ ደንበኛ፣ አንድ ሽማግሌ የኦሮሞ ገበሬ ነበሩ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ከማስነካታቸው በፊት አተኩረው አዩኝ።

«ለመሆኑ ባሕር አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ ኦቦ።»

«እኔም አላየሁም። ታዲያ ጀልባዋ በሬ ናት፣ በገመድ ጎትተን የምንመልሳት?»

«በወረቀት ትመለሳለች።»

«ያ ዋቃ! ወረቀት ሲዋኝ አያለሁ» ብለው እየሳቁ ፈረሙ።

ሳቃቸው ከነከነኝ። ማመልከቻው ጠንካራ እንዲሆን ብዬ ማንም ያልጠየቀኝን መስመር ጨመርኩ፦ «ሲሄድም ሆነ ሲመለስ፣ ስማቸው ከተጠቀሰው ሦስት ሰዎች በቀር ሌላ ነፍስ አይሳፈርም።» ሦስቱ ባለሱቁና ሁለት መርከበኞች ናቸው። ለጆሮ ጣመኝ። ለባለሱቁ ሳነብለት ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። ሹሙም አድንቆ ቃል በቃል ፈቃዱ ላይ አስገለበጠው። ሦስታችንም እናቱን አላስታወስንም። ሁለቱስ እሺ፤ የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ቴሌግራም ደረሰኝ፦ «እናቴ ምጽዋ ደርሳለች። ወረቀትህ አላስወርድ አላት። ድረስ።»

በአውቶቡስ ቀናት ተንገላትቼ ደረስኩ። ባሕሩን ቆሜ አላየሁትም። ጀልባዋ ከወደቡ ታስራለች፤ አንዲት ከሲታ አሮጊት ከሸራው ጥላ ሥር ተኝተዋል። ወደ መሬት የቀራቸው አንድ እርምጃ ነው። እዚያው ስምንት ቀን ሆኗቸዋል።

የወደቡ ሹም ፈቃዱን ዘረጋልኝ።

«ጽሑፉ ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ግሩም ነው። አንድ ቀዳዳ የለውም። ታዲያ እኚህን እናት በየት በኩል ላስገባቸው?»

በሕይወቴ ተሳሳትኩ ብዬ ጽፌ አላውቅም ነበር። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብዬ ጻፍኩ፦ «መስመሩን ከራሴ ጨምሬአለሁ። ደንቡ አልጠየቀኝም፤ ባለጀልባውም አላዘዘኝም።» ሹሙ ለአዲስ አበባ ስልክ ደወለ። መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ።

ልጃቸው በጀርባው አዝሎ አወረዳቸው። ጸሐፊው እኔ መሆኔን ሲነግራቸው ቀኝ እጄን ይዘው ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሱና በዓረብኛ አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?»

«‹ለስላሳ ነው፤ ከባድ ነገር አንስቶ አያውቅም› ትላለች።»

ትኩሳት የጀመራቸው ጀልባዋ ላይ ሳሉ ነበር። ወደ ደጋ የሚወስዳቸው መኪና ከመገኘቱ በፊት፣ በወረዱ በአምስተኛው ቀን ምጽዋ ላይ አረፉ። እዚያው ተቀበሩ። ባለሱቁ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ሰበታ እስክንገባ ግን አውቶቡስ ውስጥ ከእኔ ርቆ ነበር የሚቀመጠው።

ሽማግሌው ዋስ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁን። እሱ ሰላምታ ሰጥቷቸው ገባ። እኔ ቀረሁ።

«እንዴት ሆነ?» አሉኝ።

«ጀልባዋ በሰላም ተመልሳለች፣ ኦቦ። ዋስትናዎ ወርዷል።»

«ስለ ጀልባ አልጠየቅሁህም» አሉ።